ቪዝካያ፦ ከባለጸጋ ቤተሰብ የብርድ ወራት ማረፊያነት ወደ ሕዝብ ቅርስነት

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት በማያሚ ከተማ፣ በቢስኬይን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚገኘው የቪዝካያ ቤተ መዘክርና የአትክልት ሥፍራ ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት የተሠራው ለአንድ ባለጸጋ የብርድ ወራት ማረፊያነት ነበር። ቤቱን ያሠሩት የእርሻ መሣሪያዎችን በማምረት ከፍተኛ ሀብት ያፈራው የዲሪንግ ቤተሰብ አባል ጄምስ ዲሪንግ ናቸው። ባለቤቱ በቤቱ የተገለገሉበት ዘመን ከአሥር ዓመት ያነሰ ሲሆን፣ ቤቱ በሕዝብ ንብረትነት የቆየበት ዘመን ግን ሰባ ዓመትን ተሻግሯል።

የቪዝካያ ታሪክ የአንድ ባለጸጋ የምቾት ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ለራሱ ብሎ ያቆመው፣ ለመያዝም ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ቤት ባለቤቱ ካለፉ በኋላ በማን እጅ ሊጠበቅ እንደሚገባው፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ጥቅሙም ለማን እንደሚውል የሚያሳይ የአስተዳደር ታሪክም ጭምር ነው። በዚሁ ግዛት በተመሳሳይ ዘመን ከተሠሩ ሌሎች ሦስት ታዋቂ ቤቶች ዕጣ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርድን የሚሸሹ ባለጸጎች

በሰሜን አሜሪካ የብርድ ወራት የሚባሉት በእኛ አገር በጋ የሚሆንባቸው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያሉት ናቸው። በእነዚህ ወራት ቺካጎ፣ ኒውዮርክና ቦስተንን የመሳሰሉ ከተሞች በበረዶ ሲሸፈኑ፣ የፍሎሪዳ ደቡባዊ ክፍል ሞቃትና ፀሐያማ እንደሆነ ይቆያል። ይሁንና አካባቢው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ረግረግና ጥሻ የበዛበት፣ ነዋሪው ጥቂት የሆነ፣ በባሕር ካልሆነ በቀር በቀላሉ የማይደረስበት ነበር።

ይህን ሁኔታ የለወጠው የባቡር ሐዲድ ነው። ከጆን ሮክፌለር ጋር የስታንዳርድ ኦይል ኩባንያን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆኑት ሄንሪ ፍላግለር የአትላንቲክን ጠረፍ ተከትለው ያዘረጉት ሐዲድ በ1894 ፓልም ቢች አካባቢ፣ በ1896 ደግሞ ማያሚ ደረሰ። ማያሚም በዚያው ዓመት በከተማነት ተቋቋመች። በ1910 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪዎች ቁጥር 5 ሺህ 471 ብቻ ነበር። በ1920 ቆጠራ ግን ቁጥሩ 29 ሺህ 571 ደርሷል።

ባቡሩ በመጀመሪያ ያመጣቸው እንግዶች በፍላግለር ሆቴሎች የሚያርፉ ነበሩ። ቀስ በቀስ ግን ባለጸጎቹ በባሕሩ ዳር የየራሳቸውን ቤት መሥራት ጀመሩ። እነዚህ ቤቶች በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ የሚኖርባቸው ቢሆኑም፣ በስፋታቸውና በጌጣቸው የአውሮፓ መኳንንትን አዳራሾች የሚፎካከሩ ነበሩ። ቪዝካያ ከእነዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚጠቀስ ነው።

የቤተሰቡ ሀብት ምንጭ

የዲሪንግ ቤተሰብ ሀብት የተገኘው ከእርሻ ነው፤ ሆኖም ምንጩ ማረስ ሳይሆን ለአራሹ መሣሪያ መሸጥ ነበር። የጄምስ አባት ዊልያም ዲሪንግ በሜይን ግዛት በሱፍ ጨርቅ ንግድ የተሰማሩ ሰው ነበሩ። በ1870 በኢሊኖይ ግዛት የእህል ማጨጃ መሣሪያ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ገንዘባቸውን አዋሉ፤ በኋላም ድርጅቱን በእጃቸው አስገብተው ሥራውን በቺካጎ አስፋፉት።

የድርጅቱ ዋነኛ ምርት እህሉን አጭዶ ነዶውን በሲባጎ የሚያስር መሣሪያ ነበር። ቀደም ሲል አጫጆችና ነዶ አሳሪዎች በብዛት ተሰማርተው ቀናት ይፈጅባቸው የነበረውን የአዝመራ ሥራ መሣሪያው በጥቂት ሰውና በአጭር ጊዜ እንዲጠናቀቅ በማስቻሉ፣ በሰፋፊ የስንዴ ማሳዎች ላይ ተፈላጊነቱ እጅግ ከፍ አለ። የድርጅቱ ዋነኛ ተፎካካሪ የማክኮርሚክ ቤተሰብ ኩባንያ ነበር። በ1902 በባንክ ባለቤቱ በጄ.ፒ. ሞርጋን አማካይነት ሁለቱ ኩባንያዎች ከሌሎች ሦስት አነስተኛ አምራቾች ጋር ተዋህደው ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር የተባለውን ግዙፍ ኩባንያ መሠረቱ። ጄምስ ዲሪንግም እስከ 1909 ድረስ የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል።

ጄምስ ዲሪንግ በ1859 በሜይን ግዛት ሳውዝ ፓሪስ በተባለች ከተማ የተወለዱ ሲሆን፣ ትዳር ያልመሠረቱና ልጅ ያልወለዱ ሰው ነበሩ። ፅኑ የደም ማነስ በሽታ ስለነበረባቸው ሐኪሞቻቸው ፀሐይና ሞቃት አየር ባለበት ሥፍራ እንዲኖሩ መክረዋቸዋል። በዚያን ጊዜ ለበሽታው ፈዋሽ ሕክምና አልተገኘለትም ነበር። ለበሽተኛው ጉበት በብዛት በመመገብ ሕይወቱን ማቆየት እንደሚቻል በአሜሪካ ሐኪሞች ይፋ የተደረገው በ1926፣ ዲሪንግ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ወላጆቻቸው ቀደም ሲል በማያሚ አቅራቢያ በምትገኘው ኮኮነት ግሮቭ የብርድ ወራትን ያሳልፉ ነበር። አባታቸውም በ1913 ያረፉት እዚያው ነው። ወንድማቸው ቻርለስ ዲሪንግም ከማያሚ በስተደቡብ በባሕሩ ዳር የራሳቸው ሰፊ ይዞታ ነበራቸው።

የቦታው አመራረጥና ግንባታው

ጄምስ ዲሪንግ ከ1910 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በቢስኬይን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ 180 ኤከር ወይም 73 ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት ያዙ። መሬቱ በከፊል በማንግሮቭ ረግረግ፣ በከፊል ደግሞ ጥቅጥቅ ባለ የአገር በቀል ዛፎች ደን የተሸፈነ ነበር። ባለቤቱ ደኑ እንዳይመነጠር አጥብቀው በመሻታቸው ቤቱ ከደኑ ወጥቶ ወደ ባሕሩ ተጠግቶ እንዲሠራ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ ከጊዜ በኋላ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶችን አስከትሏል። በአንድ በኩል ማያሚ ዙሪያውን በሕንፃ ስትሞላ ከከተማው መካከል የጥንቱ ደን ቅሪት ሊተርፍ ቻለ፤ በሌላ በኩል ግን ቤቱ በቀጥታ ለማዕበልና ለጨዋማ ውኃ የተጋለጠ ሆነ።

የሥራው ጠቅላላ መሪ ሠዓሊና ቀድሞ በቦስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ያገለገሉት ፖል ቻልፊን ነበሩ። ቻልፊንና ዲሪንግ በተደጋጋሚ ወደ አውሮፓ በመጓዝ ከአሮጌ ቤተ መንግሥታትና ከባለጸጎች ቤቶች የወጡ በሮችን፣ ጣሪያዎችን፣ የግድግዳ ጌጦችን፣ የእሳት ምድጃዎችን፣ ምንጣፎችንና የቤት ዕቃዎችን ገዙ። በተለመደው አሠራር ቤቱ ከተሠራ በኋላ ዕቃው ይገባል። በቪዝካያ ግን ዕቃው አስቀድሞ ተገዝቶ የክፍሎቹ ቁመትና ስፋት በዕቃው ልክ ተቀየሰ።

የሕንፃው ንድፍ የወጣቱ አርክቴክት በራል ሆፍማን ሥራ ሲሆን፣ በሰሜን ኢጣሊያ ቬኔቶ አካባቢ ባሳኖ ዴል ግራፓ በተባለች ከተማ የሚገኘው ቪላ ሬዞኒኮ በአርአያነት ተወስዷል። የአትክልት ሥፍራውን የነደፉት ደግሞ በኮሎምቢያ ተወልደው በፍሎረንስ የተማሩት ዲዬጎ ስዋሬዝ ናቸው። የሦስቱ ባለሙያዎች ዓላማ ቤቱ አዲስ ሆኖ ሳለ አንድ ቤተሰብ ለአራት መቶ ዓመታት እየተፈራረቀ የኖረበት መስሎ እንዲታይ ማድረግ ነበር።

ለቤቱ የተሰጠው ቪዝካያ የሚለው ስም በሰሜን ስፔን የባስክ ሕዝብ ከሚኖርበት ጠቅላይ ግዛት የተወሰደ ነው። ባሕረ ሰላጤው ከሚጠራበት ስም ጋር ያለው ቅርበትም ለምርጫው ምክንያት ሆኗል። በቤቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ተደጋግመው የሚታዩት የመርከብና የባሕር ፈረስ ምስሎች የቤቱ መለያ ምልክቶች ናቸው።

ግንባታው በ1914 ተጀምሮ ዋናው ቤት በታኅሣሥ 25 ቀን 1916፣ በምዕራባውያን የገና በዓል ዕለት ለባለቤቱ ተከፈተ። የአትክልት ሥፍራው ሥራ ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ባስከተለው የሠራተኛና የዕቃ እጥረት ምክንያት ዘግይቶ የተጠናቀቀው በ1922 ነው።

የሠሩት እጆች

ግንባታው በተፋፋመበት ወቅት በሥራው ላይ የተሰማሩት ሠራተኞች ቁጥር አንድ ሺህ ያህል ደርሶ ነበር። የማያሚ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ገና በጥቂት ሺዎች የሚቆጠር በመሆኑ ቪዝካያ ለከተማዋ ከታላላቅ የሥራ መስኮች አንዱ ነበር ለማለት ይቻላል። ከሠራተኞቹ መካከል ከአውሮፓ የመጡ ድንጋይ ጠራቢዎችና የእንጨት ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጥቂት የማይባሉት ደግሞ ከባሃማ ደሴቶች የመጡ ጥቁር ሠራተኞች ናቸው።

ባሃማውያኑ በአካባቢው ያለውን የኖራ ድንጋይ አፈላለጥና አጠራረብ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ሙያ ነበር። ጥሻውን የመነጠሩት፣ መሠረቱን የቆፈሩት፣ ድንጋዩን የፈለጡትና በኋላም አትክልቱን የተንከባከቡት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። በዘመኑ በፍሎሪዳ በሕግ ተደንግጎ በነበረው የዘር መድልዎ ምክንያት ጥቁር ሠራተኞች ከነጮቹ ተለይተው በኮኮነት ግሮቭና ዛሬ ኦቨርታውን በሚባለው ሠፈር እንዲኖሩ ይገደዱ ነበር።

በ1917 የብርድ ወራት ቪዝካያን የጎበኙት ታዋቂው አሜሪካዊ ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት የቤቱን ደረጃዎችና ሐውልቶች በውኃ ቀለም ከሣሏቸው ሥዕሎች ጋር፣ በባሕሩ ዳር ገላቸውን የሚታጠቡና የሚያርፉ ጥቁር ሠራተኞችንም ሥለዋል። ስለ ቤቱ ባለቤት፣ ስለ ዕቃዎቹና ስለ ንድፍ አውጪዎቹ የተጻፈ መዝገብ በርካታ ሲሆን፣ የእነዚህ ሠራተኞች መልክ ከቀረባቸው ጥቂት ማስረጃዎች መካከል የሳርጀንት ሥዕሎች ይገኙባቸዋል። የቤተ መዘክሩ አስተዳደርም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሠራተኞቹን ታሪክ ከቤቱ ታሪክ ጋር ለጎብኚ ማቅረብ ጀምሯል።

ቤቱና የአትክልት ሥፍራው

ዋናው ቤት መካከለኛ ግቢውን ከብቦ የቆመ ሲሆን፣ ከ30 በላይ ያጌጡ ክፍሎች አሉት። አራቱ ገጾቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ወደ ባሕሩ የሚመለከተው ገጽ የቤቱ ዋነኛ ፊት ነው፤ ብዙዎቹ እንግዶች በጀልባ ይመጡ ስለነበር ቤቱን በመጀመሪያ የሚያዩት ከዚህ አቅጣጫ ነው። ከፊት ለፊቱ በውኃው ውስጥ በመርከብ ቅርጽ የተሠራ የድንጋይ ማዕበል መከላከያ ይገኛል። በመከላከያው ላይ ያሉትን ሐውልቶች የቀረጹት አሌክሳንደር ስተርሊንግ ካልደር ናቸው።

አሮጌ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራው ቤት በውስጡ የዘመኑን አዲስ ቴክኖሎጂ የያዘ ነበር። ሕንፃው በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት የቆመ ሲሆን፣ አሳንሰር፣ የምግብ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ የውስጥ ስልክ ማዞሪያና በየክፍሉ ግድግዳ ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ የሚሠራ የአቧራ መምጠጫ ነበረው። የመዋኛ ገንዳው ግማሹ ከቤቱ ሥር፣ ግማሹ ደግሞ በአየር ላይ ነው። ከቤቱ ሥር ያለውን ክፍል ጣሪያ ሠዓሊው ሮበርት ዊንትሮፕ ቻንለር በዓሣና በሌሎች የባሕር ፍጥረታት ምስሎች አስጊጠውታል።

የአትክልት ሥፍራው የኢጣሊያንና የፈረንሳይን አሠራር ከፍሎሪዳ አየር ጠባይ ጋር ያዛመደ ነው። ስዋሬዝ የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጡት ቦታውን ሳያዩ ነበር። ማያሚ ደርሰው ከቤቱ በስተደቡብ በኩል ሲመለከቱ ግን ከውኃው የሚንጸባረቀው የቀትር ፀሐይ ዓይን የሚያጠፋ ሆነባቸው። ስለዚህ ንድፉን ለውጠው ነጸብራቁን የሚጋርድ ከፍ ያለ ጉብታ እንዲሠራ አደረጉ፤ በጉብታው ላይ ትንሽ የማረፊያ ቤት ተሠራ፣ የኦክ ዛፎችም ተተከሉ።

ከዋናው ቤት በስተምዕራብ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ይዞታው የራሱ መንደር ነበረው። በመንደሩ የላም በረት፣ የዶሮ ርቢ፣ የአትክልት እርሻ፣ የተሽከርካሪ ማቆሚያ፣ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች እንዲሁም የሠራተኞች መኖሪያዎች ይገኙ ነበር። የማያሚ ገበያ ገና ያልዳበረ በመሆኑ ይዞታው የሚያስፈልገውን ወተት፣ እንቁላልና አትክልት በአብዛኛው ከራሱ ያገኝ ነበር።

ማዕበልና ውርስ

ጄምስ ዲሪንግ ከ1916 ጀምሮ የብርድ ወራትን በቪዝካያ ያሳልፉ ነበር። በበጋው ሙቀት ወራት ደግሞ በሌሎች ቤቶቻቸውና በአውሮፓ ይቆዩ ነበር። በመስከረም 1925 ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ በመርከብ ሲመለሱ በጉዞ ላይ ሳሉ በ65 ዓመታቸው አረፉ።

በዓመቱ መስከረም 18 ቀን 1926 ማያሚን የመታው ታላቅ አውሎ ነፋስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲገድል የከተማዋን ብዙ ሕንፃዎች አፈራረሰ። ቪዝካያም ከባሕር በመጣው ውኃ ተጥለቀለቀ፤ በቤቱና በአትክልት ሥፍራው ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰ። ይዞታውን ከጊዜ በኋላ የወረሱት የወንድማቸው የቻርለስ ዲሪንግ ሁለት ሴት ልጆች ናቸው። ወራሾቹ በ1930ዎቹ ፖል ቻልፊንን መልሰው በመጥራት ጥገና እንዲደረግ አድርገዋል፤ ቤቱንም ለጎብኚ ለመክፈት ሙከራ ተደርጓል። ሆኖም ግብሩና የጥገናው ወጪ ለሁለት ግለሰቦች የሚቻል አልነበረም።

በመሆኑም ወራሾቹ ሰፊውን መሬት ቀስ በቀስ መልቀቅ ጀመሩ። ከይዞታው በስተደቡብ በኩል ያለው፣ የውኃ መውረጃ ቦዮችና ደሴቶች የነበሩበት ክፍል ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሀገረ ስብከት ተላለፈ። በቦታው ላይም መርሲ የተባለ ሆስፒታል ተሠርቶ በ1950 አገልግሎት ጀመረ። ለአንድ ሰው መዝናኛ የነበረው የአትክልት ሥፍራ ክፍል በዚህ ሁኔታ ለሕሙማን መታከሚያነት ዋለ።

ወደ ሕዝብ ይዞታ የተላለፈበት ሁኔታ

በ1952 የዴድ ካውንቲ አስተዳደር ዋናውን ቤትና የአትክልት ሥፍራውን ከወራሾቹ በ1 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዋጋው ቤቱን ለመሥራት ከወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነበር። በተጨማሪም ወራሾቹ በቤቱ ውስጥ የነበሩትን ጥንታዊ ዕቃዎችና የሥነ ጥበብ ሥራዎች ቦታው ለሕዝብ ቤተ መዘክርነት እንዲውል በማሰብ ለአስተዳደሩ በስጦታ አበረከቱ። ቤተ መዘክሩ በ1953 በይፋ ለሕዝብ ተከፈተ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ መንደሩና ቀሪው መሬት ወደ ካውንቲው ይዞታ ተጠቃለሉ። በአሁኑ ወቅት ይዞታው 50 ኤከር ወይም 20 ሄክታር ገደማ ነው።

ቤቱ ከቤተ መዘክርነቱ ባሻገር ለመንግሥት ሥነ ሥርዓቶችም አገልግሏል። በመስከረም 1987 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የሮማ ካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ተቀብለው ያነጋገሩት በዚሁ ቤት ነው። በታኅሣሥ 1994 በማያሚ በተካሄደው የአሜሪካ አህጉር አገሮች የመሪዎች ጉባኤ ወቅትም ቪዝካያ የ34 አገሮች መሪዎችን አስተናግዷል። በዚያው ዓመት ቤቱ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከንጽጽር የሚገኘው ግንዛቤ

በፍሎሪዳ የነበሩት ሌሎች ታላላቅ የብርድ ወራት ቤቶች ዕጣ ከቪዝካያ የተለየ ነበር።

የመጀመሪያው ራሳቸው ሄንሪ ፍላግለር በፓልም ቢች ያሠሩትና ለባለቤታቸው የሠርግ ስጦታ ያደረጉት ኋይትሆል ነው። 75 ክፍሎች ያሉት ይህ ቤት በ1902 ተጠናቀቀ። ፍላግለር በ1913 በቤቱ ደረጃ ላይ ወድቀው በደረሰባቸው ጉዳት አረፉ። ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ቤቱ ተሽጦ በ1925 ሆቴል ሆነ፤ ከጀርባውም ባለ 11 ፎቅ ሕንፃ ተጨመረበት። በ1959 ቤቱ ሊፈርስ እንደሆነ ሲሰማ የፍላግለር የልጅ ልጅ ጂን ፍላግለር ማቲውስ መልሰው በመግዛት አዳኑት። በሚቀጥለው ዓመትም ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ፤ የሆቴሉ ፎቅም በኋላ እንዲፈርስ ተደረገ።

ሁለተኛው የሰርከስ ባለቤቱ ጆን ሪንግሊንግ በሳራሶታ ባሕር ዳርቻ አሠርተው በ1926 ያጠናቀቁት ካ ድዛን ነው። ሪንግሊንግ በ1929 ከተከሰተው የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ሀብታቸውን በአብዛኛው አጥተው በ1936 ሲያርፉ ቤቱንና የሥነ ጥበብ ስብስባቸውን ለፍሎሪዳ ግዛት ተናዘዙ። ይሁንና ከአበዳሪዎች ጋር የተነሣው ክርክር አሥር ዓመት ፈጅቶ ግዛቱ ንብረቱን የተረከበው በ1946 ነው። ቤቱ ከዚያ በኋላ በቂ ጥገና ሳያገኝ ቆይቶ በ2000 ለፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ፤ 15 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው እድሳትም በ2002 ተጠናቀቀ።

ሦስተኛው የምግብ ኢንዱስትሪ ሀብት ወራሽ ማርጆሪ ሜሪዌዘር ፖስት በፓልም ቢች ያሠሩትና በ1927 የተጠናቀቀው ማር አ ላጎ ነው። ባለቤቷ በ1973 ሲያርፉ ቤቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የብርድ ወራት ማረፊያ እንዲሆን ለፌዴራል መንግሥት አውርሰው ነበር። ሆኖም ፕሬዚዳንቶቹ ሳይገለገሉበት ቀሩ። በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ የነበረው የጥገናና የጥበቃ ወጪም ከባድ ሆኖ በመገኘቱ መንግሥት በ1981 ንብረቱን ለባለቤቷ ፋውንዴሽን መልሶ አስረከበ። ቤቱን በ1985 የገዙት ዶናልድ ትራምፕ ሲሆኑ፣ ከ1995 ጀምሮ የግል ክበብ ሆኗል። ገዢው በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት በሆኑበት ወቅት ቤቱን ለማረፊያነት በመጠቀማቸው የፖስት ምኞት ባላሰቡት መንገድ ተፈጽሟል።

አራቱን ቤቶች የለያያቸው የግንባታቸው ጥራት ወይም የባለቤቶቻቸው በጎ ፈቃድ አይደለም። ፖስትም ሆኑ ሪንግሊንግ ቤታቸው ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ፈልገዋል። ልዩነቱ የመጣው ቤቱን የሚረከበው አካል ማንነት፣ የሚውልበት አገልግሎትና የጥገናው ወጪ ምንጭ ተለይቶ በመታወቁና ባለመታወቁ ነው። ቪዝካያን የተረከበው ካውንቲ ቦታውን በየዕለቱ ለሚመጣ ጎብኚ ከፍቶ ከመግቢያ ዋጋና ከዝግጅቶች ገቢ እንዲያገኝ አድርጓል። ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠው ቤት ግን ተጠቃሚ ያልነበረው፣ ወጪ ብቻ የሚጠይቅ ንብረት ሆኖ ቀርቷል።

ባሕሩና የጥበቃው ሥራ

የቪዝካያ የጥገና ሥራ በ1953 ቤቱ ሲከፈት የተጠናቀቀ አልነበረም። ቤቱ ሲሠራ መካከለኛው ግቢ ለሰማይ ክፍት በመሆኑ ጨዋማው አየርና እርጥበቱ ጥንታዊ ዕቃዎችን ይጎዳ ነበር። በ1980ዎቹ ግቢው በመስታወት ጣሪያ ተከድኖ ክፍሎቹ አየር ማቀዝቀዣ ገባላቸው፤ ይህ ጣሪያም ከጊዜ በኋላ በአዲስ ተተክቷል። ዕቃው በዚህ ቢድንም ቤቱ ከባሕሩ ነፋስ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጧል። አንዱን ቅርስ ለማዳን ሌላውን መተው ግድ የሚሆንበት ሁኔታ መኖሩን ይህ ውሳኔ ያመለክታል።

በ2004 የማያሚ ዴድ ካውንቲ መራጮች ለልዩ ልዩ የሕዝብ ሥራዎች የሚውል 2 ነጥብ 9 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ሽያጭ እንዲሰበሰብ በድምፃቸው ሲያጸድቁ፣ ከዚህ ውስጥ 50 ሚሊዮን ዶላር ለቪዝካያ እድሳት ተመድቧል። በቀጣዩ ዓመት ካትሪናና ዊልማ የተባሉት አውሎ ነፋሶች በይዞታው ላይ ተጨማሪ ጉዳት አድርሰዋል።

ስጋቱ ከባሕር ብቻ የሚመጣ አልነበረም። ከይዞታው አጠገብ ባለው የሆስፒታሉ ቦታ ላይ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎችን ለመሥራት የቀረበው ዕቅድ ከአትክልት ሥፍራው የሚታየውን አድማስ እንደሚዘጋ በመታወቁ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ ትረስት በ2008 ቪዝካያን ከፍተኛ አደጋ ከተደቀነባቸው 11 ሥፍራዎች መካከል መድቦታል። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ክርክር ተደርጎበት ሕንፃዎቹ ሳይሠሩ ቀርተዋል። ከዚህ ጉዳይ መረዳት የሚቻለው የቅርስ ጥበቃ በቅርሱ አጥር ውስጥ ብቻ የማይወሰን፣ የከተማ ፕላን ባለሥልጣናትን ውሳኔ ጭምር የሚመለከት መሆኑን ነው።

በመስከረም 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ባስነሣው ማዕበል የቤቱ የታችኛው ክፍል በውኃ ተጥለቅልቋል፤ በቻንለር የተሣለው የመዋኛ ገንዳው ክፍልም ለጉዳት ተጋልጧል። በዚያው ዓመት የቤተ መዘክሩ የዕለት ተዕለት አስተዳደር ከካውንቲው መሥሪያ ቤት ለአትራፊ ላልሆነ ትረስት በስምምነት ተላልፏል። በስምምነቱ መሠረት መሬቱ፣ ሕንፃዎቹና የሥነ ጥበብ ስብስቡ የካውንቲው ንብረት እንደሆኑ ይቀጥላሉ፤ ትረስቱ ደግሞ ሥራውን ይመራል፣ ከግለሰቦችና ከድርጅቶች እርዳታ ያሰባስባል። በአሁኑ ጊዜም መንደሩን አድሶ ለሕዝብ አገልግሎት የማዋሉ ሥራ የትረስቱ ዋነኛ ዕቅድ ነው።

በመርከብ ቅርጽ የተሠራው የድንጋይ ማዕበል መከላከያ ዛሬም ከቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል። ከመቶ ዓመት በላይ ማዕበሉን ሲመክት በመቆየቱ የካልደር ሐውልቶች ፊት በጨውና በነፋስ ተሸርሽሯል። የባሕሩ ውኃ ከፍታም ቤቱ ከተሠራበት ዘመን ይልቅ ጨምሯል። መከላከያው ለቤቱ ጋሻ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ቢሆንም ዛሬ ራሱ ጥበቃ የሚያሻው ቅርስ ሆኗል። ቤቱን በአንድ ሰው ገንዘብ በጥቂት ዓመታት ማቆም ተችሏል፤ እንደቆመ እንዲቆይ ማድረግ ግን በየዓመቱ የሚታደስ በጀትና ለዚሁ ኃላፊነት ያለው አካል ይጠይቃል።